ፊውዝ እና የባልቴቷ ፋኖስ

ፊውዝ የሚለውን ስም ያወጡላት የሆስፒታሉ የኤሌክትሪክ ጥገና ኃላፊ የነበሩት አለቃ ናቸው። ገና ሙያውን ስትማር አንድ ቀለም ቀቢ በእርጥብ እጁ የተላጠ ሽቦ ሊገፋ ሲል አይታ፣ ኮሪደሩ እስኪናወጥ ጮኸችበት። ሰውየው ደንግጦ ከመሰላሉ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። አለቃ ከኋላዋ ቆመው ሲያዩ ነበርና፣ «ይቺ ልጅ ቱግ ትላለች፤ ቱግ ብላ ግን ቤት ታተርፋለች። ፊውዝ ናት!» አሉ። ስሙ ተጣብቆ ቀረ። ዛሬ የሆስፒታሉ ዳይሬክተር እንኳ «ፊውዝን ጥሩልኝ» ነው የሚሉት። የመዝገብ ስሟን የሚያውቅ ቢኖር እናቷና የሰው ኃይል አስተዳደር ናቸው።

የጥገና ክፍሉ ከሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ከውሃ ፓምፖቹ ጎን ነው። ግድግዳው ላይ ፒንሳው፣ ካቻቪቴው፣ መፍቻው በየቅርጻቸው በተሣለላቸው ቦታ ተሰቅለዋል፤ አንዱ ከጎደለ ባዶው ሥዕል ራሱ ይጮኻል። ጥግ ላይ ኬብል ተጠቅልሎበት የመጣ ትልቅ የእንጨት ጎማ በጎኑ ተጋድሟል። ኬብሉ አልቆ ጎማው ሲቀር ፊውዝ በአሸዋ ወረቀት ፈግፍጋ፣ ቫርኒሽ ቀብታ ጠረጴዛ አደረገችው። በሥራ ቀን ምሳ ይበላበታል። ቅዳሜ ከሰዓት ግን፣ ሥራ ከተዘጋ በኋላ፣ በዚያ ጎማ ዙሪያ ሌላ አገር ይከፈታል።

ጨዋታውን ያመጣው ሊፍት ነው። ሊፍት የሊፍት ጠጋኙ ስም ነው፤ ሥራውን ተከትሎ የወጣለት ይመስላል፣ የሚያውቁት ግን «ወሬው አንዴ ላይ አንዴ ታች ስለሚል ነው» ይላሉ። አንድ ቀን ከአሮጌ መጻሕፍት መደብር ጠርዙ የተበላ ወፍራም መጽሐፍ ገዝቶ መጣ። ሽፋኑ ላይ ከሐይቅ የሚወጣ ነጭ ፈረስ አለ፤ ከጋማው ውሃ ይንጠባጠባል፣ ዓይኑ ግን የፈረስ ዓይን አይደለም።

የዚህ ጨዋታ ሥርዓት ቀላል ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች በወረቀት ላይ አንድ ሰው ይፈጥራል፤ ሐኪም፣ ጋዜጠኛ፣ አዳኝ፣ ደስ ያለውን። አንዱ መሪ ይሆንና ያሉበትን ቦታ፣ የሚያዩትን፣ የሚሰሙትን ይተርክላቸዋል። እነሱ ደግሞ ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ። ነገሩ አጠራጣሪ ሲሆን ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ይወረወራል፤ ስድስት ከወጣ ተሳካ፣ ካልወጣ አልተሳካም። የተጎዳ ሰው ወረቀቱ ላይ ካሉት ሳጥኖች አንዱን ያጠቁራል፤ ሁሉም ከጠቆሩ ሞተ። የሚተረከው አገር ሩቅ ሰሜን ነው፤ ክረምት ሲገባ ፀሐይ ጭራሽ የማትወጣበት፣ ጫካው ከባሕሩ ጋር የሚገናኝበት። በዚያ አገር ተረት ወንዙም፣ ወፍጮውም፣ በረቱም የማይታይ ባለቤት አለው። በረት ውስጥ የሚኖር ሽማግሌ ድንክ አለ፤ የማታ ወተቱን ከረሱበት የላሞቹን ጭራ እርስ በርስ ያስራል። ወንዝ ውስጥ ተቀምጦ ቫዮሊን እየመታ ሰው የሚያሰምጥ አለ። ከፊት ስትታይ ቆንጆ፣ ጀርባዋ ግን እንደ በሰበሰ ግንድ ባዶ የሆነ የጫካ ሴት አለች። እነዚህን ጥይት አይበግራቸውም። ፍጡሩ ማን እንደበደለው፣ ምን እንደሚፈልግ፣ በምን እንደሚያርፍ መርምሮ ማግኘት ነው ጨዋታው።

ፊውዝ ይህን ስትሰማ ሳቀች። «ይሄማ የእኛው ብልሽት ፍለጋ ነው! መብራቱ ቢጠፋ አምፖሉን ትደበድባለህ እንዴ? የተበላሸበትን ቦታ ትፈልጋለህ እንጂ» አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ መሪዋ እሷ ሆነች።

የመጀመሪያው ምርመራዋ ግን ከሸፈ። ምሥጢሩን የሚፈታውን ፍንጭ በወጥ ቤቱ መሳቢያ ውስጥ ደብቃ ነበር። አንድም ሰው መሳቢያውን አልከፈተም። ቧንቧው፣ ማለትም የቧንቧ ሠራተኛው፣ ከሰዓቱን ሙሉ የቤቱን ጉድጓድ ሲመረምር ዋለ። «ውሃው ከየት እንደሚመጣ ሳላውቅ ከዚህ ቤት አልወጣም» ብሎ ድርቅ አለ። ሊፍት እንቅልፍ ወሰደው።

ፊውዝ ቤቷ ሄዳ አሰበች፣ ብልሽቱንም አገኘችው። ፍንጮቹን በሲሪስ ነበር የዘረጋቻቸው፤ አንዱ አምፖል ሲቃጠል መስመሩ በሙሉ ይጨልማል። ከዚያ ወዲህ ሁሉንም በፓራለል ነው የምትዘረጋው። ፍጡሩን የሚያሳርፈውን ነገር በታሪኩ ያለ መቃብር ቆፋሪም ያውቀዋል፣ አንዲት አሮጊትም ታውቀዋለች፣ ግድግዳው ላይም ተሥሏል። አንዱ ቢቃጠል ሌላው ያበራል። ይህን ዘዴ ማንም አላስተማራትም፤ በዚህ ደግሞ ትኮራለች፣ ኩራቷንም አትደብቅም።

ሌላም ሕግ አላት። የሚያስብ ሰው እጁን ጭኑ ላይ ያደርጋል፤ የፈለገውን ቢቀባጥር አይያዝበትም። እጁን ጎማው ላይ አሳርፎ የተናገረው ግን ሆኗል። መመለስ የለም። ይህ ሕግ የመጣው ከሥራ ነው፣ ሥራውንም ያስተማሩት አለቃ ናቸው። መስመር ሲጠገን አንዱ ማከፋፈያው ሳጥን ጋ ይሄዳል፣ ሌላው ሽቦው ጋ ይቆማል። ሽቦው ጋ ያለው «ጠፍቷል?» ብሎ ይጣራል። ሳጥኑ ጋ ያለው ማብሪያውን አውርዶ፣ ቆልፎ፣ ቁልፉን ኪሱ ከከተተ በኋላ «ጠፍቷል!» ብሎ ይመልሳል። ያ ቃል ሳይሰማ እጅ አይዘረጋም። አለቃ ለእያንዳንዱ አዲስ ሠራተኛ ሲደጋግሙት የኖሩት ይህንኑ ነው፦ «ቃሉ ከአፍህ ከወጣ በኋላ ‹ለካ አልጠፋም› የሚባል ነገር የለም። ጓደኛህ ሕይወቱን ይዞ በቃልህ ውስጥ ገብቷል።»

አለቃ ጡረታ ከወጡ ብዙም ሳይቆዩ ሚስታቸው ሞቱ። ከዚያ በኋላ በራቸውን ዘጉ። ፊውዝ እየተመላለሰች ብትወተውታቸው፣ «በስተርጅናዬ እቃቃ ልጫወት?» ብለው አሾፉ። እያሾፉ መጡ። እያሾፉ ወረቀት ወሰዱ። አንድ ኮስታራ አዳኝ ፈጠሩ፤ ጥቂት የሚናገር፣ ከመግባቱ በፊት የመውጫውን በር የሚፈልግ፣ ጫማው ከረጠበ ምድጃ አጠገብ ሳያደርቅ እንቅልፍ የማይወስደው። ዓመታት አለፉ። የሊፍት ጋዜጠኞች በየጊዜው አለቁ፤ አንዱን ፈረሱ ሐይቅ ውስጥ ይዞት ገባ፣ ሌላው ባዶ ጀርባ ያላትን ሴት «ላግባሽ» ብሎ ጫካ ቀረ። የአለቃ አዳኝ ግን አንዴም አልሞተ። ወረቀቱ ከመታጠፍ ብዛት ሲቀደድ በኤሌክትሪክ ቴፕ ለጥፈውታል።

አንድ ዓርብ የአለቃ ልጅ ምድር ቤት ወርዳ በሩ ላይ ቆመች።

«እቴ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ።»

«ግቢ እንጂ፣ ኮረንቲ አይይዝሽም።»

«አባዬ ከቅዳሜ በቀር ከቤት ንቅንቅ እንደማይል ታውቂያለሽ። ፀጉሩን የሚቆረጠው እንኳ ለእናንተ ብሎ ነው።»

«ባለፈውማ ሽቶ ሁሉ ተቀብተው መጥተዋል። ቧንቧው ሲያስነጥስ ዋለ።»

ልጅቷ ፈገግ ለማለት ሞክራ አልሆነላትም። «ያ አዳኝ የሚለው ሰውዬ ቢሞትበት አባዬ ተመልሶ ወደዚህ የሚመጣ አይመስለኝም። እባክሽ እንዳይሞትበት አድርጊ።»

«እኔ ማንንም አልገድልም። ዳይሱና ራሳቸው ናቸው የሚወስኑት።»

«መሪዋ አንቺ አይደለሽ? ትንሽ ብታሳልፊለት ማን ያውቃል?»

«እሳቸው ያውቃሉ» አለች ፊውዝ። ልጅቷ ደረጃውን ስትወጣ የጫማዋ ድምፅ እስኪጠፋ ቆማ አዳመጠች።

በማግስቱ አራቱም በጎማው ዙሪያ ተቀመጡ። ፊውዝ የጣሪያውን ነጭ መብራት አጥፍታ የሥራ ጠረጴዛውን ትንሽ አምፖል ብቻ ተወች። ዳይሱ የሚወረወርበትን የሳጥን ክዳን መሐል አስቀመጠች። ከግድግዳው ወዲያ ፓምፑ ያጉረመርማል።

የዕለቱ ምርመራ በባሕር ዳር ባለ የዓሣ አጥማጆች መንደር ነው። አንድ አጥማጅ ሰምጦ አስከሬኑ አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ በግማሽ ጀልባ እየቀዘፈ፣ የተቀደደ ሸራ ሰቅሎ፣ ወደ ሚስቱ ቤት ይመጣል። ባልቴቷ በመስኮቷ ላይ ሌት ተቀን ፋኖስ ታበራለች። የአለቃ አዳኝ ገና ሲገባ የረጠበ ቦቲውን አውልቆ ምድጃው ሥር አደረገ። የቧንቧው ሐኪም ባልቴቷን አነጋገረ። የመንደሩ መቃብር ቆፋሪም አንዲት ጎረቤት አሮጊትም ያንኑ ነገር ነገሯቸው፦ ፋኖሱ እስከበራ ድረስ የሰመጠው ሰው ደጃፉን አያልፍም። ካጠፉበት ይገባል፤ ከገባ በኋላ ደግሞ ካጠፋው ሰው ጀርባ አይላቀቅም። ማረፊያው አንድ ነው፤ በኮረብታው ላይ ያለው የመቃብር ቦታ። አፈር ያገኙት ሙታን አፈር ያላገኘውን በራቸው ድረስ ካመጡላቸው ይቀበሉታል።

የሊፍት ጋዜጠኛ የጀልባው ስም ፋኖሱ ሥር ተቀርጾ እንደሆነ ማየት ፈለገ። «ሳላጠፋው በቀስታ አነሣዋለሁ» አለ፣ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ። ሁሉም አንገታቸውን አስግገዋል። ሊፍት ተመስጧል፤ ሁልጊዜ የሊፍት ጉድጓድ ውስጥ እንደሚያደርገው ቀኝ እጁን ወደ ላይ ዘረጋና፣ ሳያስበው፣ ተጣራ፦

«ጠፍቷል?»

«ጠፍቷል!» አሉ አለቃ።

እጃቸው ጎማው ላይ ነበር።

መጀመሪያ ሊፍት ሳቀ። ቀጥሎ ቧንቧው ሳቀ። ከዚያ ሁለቱም የአለቃን እጅ አዩ፣ ሳቁም እንደ ተዘጋ ቧንቧ ቀጥ አለ።

«ልማድ ነው!» አለ ሊፍት። «እኔ ነኝ ጥፋተኛው፣ እኔ ነኝ የጠራሁት። አይቆጠርም!»

«ፊውዝ፣ ይሄማ ጨዋታ ውስጥ የተባለ አይደለም» አለ ቧንቧው። «ሰውየው ዕድሜ ልካቸውን ያሉትን ቃል ነው ያሉት። ቀጥይ በቃ።»

ፊውዝ አለቃን ተመለከተች። እሳቸው አያዩዋትም፤ የሚያዩት የገዛ እጃቸውን ነው፣ የድሮ ቃጠሎ ጠባሳ ያለበትን። አልተከራከሩም። አልሳቁም። ልጃቸው በሩ ላይ ቆማ ያለችው በጆሮዋ መጣባት። ማሳለፍ ቀላል ነበር። «እሺ፣ አልሰማሁም» ማለት ብቻ። ሌላ ሰው ቢሆን እንኳ ልታስበው ትችል ነበር። ለእሳቸው ግን፣ ያንን ቃል ለዚያ ሁሉ ሠራተኛ ላስተማሩት ሰው፣ ማሳለፍ ማለት «ከእንግዲህ የእርስዎ ቃል ቃል አይደለም፤ አርጅተዋል፣ እናዝንልዎታለን» ማለት ነው። ይህን ከምትላቸው ምላሷ ቢቆረጥ መረጠች።

«ፋኖሱ ጠፍቷል» አለች። ድምጿ እንደ ወትሮው ነው። «ቤቱ ጨለመ። ጀልባ ከድንጋይ ጋር ሲፋጭ ሰማችሁ። ከዚያ እርምጃ፤ ውሃ የሞላ ጫማ እርምጃ። በሩ አልተንኳኳም። ተከፈተ። የባሕር ሣርና የጨው ሽታ ገባ፣ መጥቶም ከአዳኙ ጀርባ ቆመ። አለቃ፣ ትንፋሹ አንገትዎ ላይ ነው። አይሞቅም። ምን ያደርጋሉ?»

አለቃ ተስተካክለው ተቀመጡ፤ እንደ ድሮው፣ አዲስ ብልሽት ሲነገራቸው እንደሚቀመጡት።

«መቃብሩ ስንት ያህል ይርቃል?»

«ሩቅ ነው። ዳገት ነው። በረዶው ጉልበት ይደርሳል።»

«ቦቲዬን አድርጌያለሁ?»

«አውልቀው ምድጃው ሥር አስቀምጠዋል። በጨለማ መፈለግ ይችላሉ፤ እስከዚያ ግን እሱም ባልቴቷ ቤት ውስጥ ይቆያል።»

«ይሁን» አሉ አለቃ። «በካልሲ እንሄዳለን።»

«እኔም እወጣለሁ!» ብሎ ቧንቧው እጁን ጎማው ላይ ሊያሳርፍ ሲል፣ አለቃ እንደ ሥራ ዘመናቸው ጮኹበት፦ «እጅህን ሰብስብ! ሁላችንም ከወጣን ፋኖሱን ማን ያበራል? አንተ ሴትዮዋ ጋ ቁም። ሊፍት፣ አንተ ክብሪት ፈልግ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ የምወስደው እኔ ነኝ።»

እጃቸውን አሳረፉ። «በሩን ከፍቼ እወጣለሁ።»

ዳይሱን ወረወሩ። ስድስት ወጣ፤ የዳገቱን ጅማሬ ወጡ። ደግመው ወረወሩ። አልወጣም፤ ብርዱ እግራቸውን ያዘ። አለቃ እርሳሳቸውን አንሥተው ወረቀቱ ላይ ካሉት የጉዳት ሳጥኖች አንዱን ራሳቸው አጠቆሩ። ሌላ ወረወሩ፣ አሁንም አልወጣም፣ ሌላ ሳጥን አጠቆሩ። ፊውዝ መንገዱን አላሳጠረችላቸውም፣ አላስረዘመችባቸውም። በየመሐሉ «ይመለሳሉ?» ስትላቸው፣ «ከተመለስኩ እሱም ይመለሳል» እያሉ ወረወሩ። ሊፍት አፉን በሁለት እጁ ይዟል። ቧንቧው ክዳኑን እንጂ የሰው ፊት አያይም።

የመቃብሩ የብረት በር በበረዶ ተጣብቋል። የቀራቸው አንድ ሳጥን ነው።

«በሩን ለመክፈት ያለዎትን ኃይል ሁሉ ማውጣት አለብዎት» አለች ፊውዝ። «ቢከፈትም ባይከፈትም የመጨረሻው ሳጥን ይጠቁራል።»

«ገብቶኛል።»

ወረወሩ። ስድስት።

«ተከፈተ» አለች ፊውዝ። «የሰመጠው ሰው አልፎዎት ገባ። ሲያልፍ ቆም ብሎ፣ ውሃ በሚያንጠባጥብ እጁ ትከሻዎን ነካ። ከመቃብሮቹ መካከል ብዙ ድምፅ ‹ና፣ ቦታ አለ› አለው። ከታች፣ ከመንደሩ፣ በመስኮት ላይ አንድ ብርሃን ሲበራ አዩ። አጥሩን ተደግፈው ተቀመጡ። ካሁን በኋላ አይበርድዎትም።»

አለቃ የመጨረሻውን ሳጥን ቀስ ብለው፣ ከመስመሩ ሳያሳልፉ አጠቆሩ። ወረቀቱን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱ። ኮታቸውን ለበሱ። «ደህና ዋሉ» ብለው ወጡ።

ሊፍት አፍንጫውን ጠረገ። ቧንቧው ወንበሩን ገፍትሮ ተነሣ። «እንኳን ደስ ያለሽ» አላት። «አንድ ሽማግሌ ነበረን፣ እሳቸውንም ጨረስሽልን።» ፊውዝ ነጩን መብራት አበራች፣ ዳይሱን ሰበሰበች፣ ክዳኑን ቦታው መለሰች።

ሰኞ ደወለችላቸው። አይነሣም። ማክሰኞም ረቡዕም አይነሣም። ሐሙስ ቧንቧው ራሱ፣ ኩርፊያውን ትቶ፣ «አነሡ?» ብሎ ጠየቃት። ዓርብ ከሥራ እንደወጣች ወደ አለቃ ቤት ሄደች። ይቅርታ ልትጠይቅ አልነበረም፤ ያደረገችው ትክክል እንደነበር ታውቃለች። የሕንፃውን ደረጃ መውጣት ጀመረች።

ሁለተኛው ፎቅ ላይ ልጃቸው የገበያ ዘንቢል ይዛ ስትወርድ ተገናኙ። ፊውዝ አፏን ሳትከፍት ልጅቷ ቀደመቻት፦

«ምንድን ነው ያደረግሽው?»

«እኔ...»

«ሳምንቱን ሙሉ ቤት አላገኘሁትም! ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ጥሎ አንዴ ላይኛው ፎቅ፣ አንዴ ፀጉር ቆራጩ ጋ፣ አንዴ ጋራዡ። ይኸው ስሚው።»

ፊውዝ ጆሮዋን ቀሰረች። ከላይኛው ደረጃ የአለቃ ድምፅ ይመጣል፣ ያ ከምድር ቤቱ ጫፍ እስከ ጫፍ ይሰማ የነበረው ድምፅ። «... በረዶው ደረቴ ድረስ! በካልሲ! ዞር ብዬ አላየሁትም፤ ዞር ካልኩ አለቀልኝ...»

ወጣች። አለቃ ደረጃው መታጠፊያ ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል። ሦስት ጎረቤቶች ከበዋቸዋል፤ አንዷ ሴትዮ የታጠበ ልብስ ታቅፈው ማስጣቱን ረስተውታል። አለቃ ፊውዝን ሲያዩ ብድግ አሉ።

«ይኸው መጣች! የገደለችኝ ይቺ ናት!»

ጎረቤቶቹ ዞረው ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት።

«ምነው ልጄ» አሉ ልብሱን የታቀፉት ሴትዮ፣ «እንዲህ ያለ ሰው ይገደላል? ትንሽ እንኳ አላሳዘኑሽም?»

«አሳዝነውኛል እማማ» አለች ፊውዝ።

«አሳዝኛት ነው የገደለችኝ!» አሉ አለቃ፣ እጃቸውን ትከሻዋ ላይ ጥለው። «እኔ ነኝ ያስተማርኳት። ሁለቱ ጎረምሶች ማሩት፣ ተዉት ሲሉ ይቺ ድምጿ ንቅንቅ አላለም። ንቅንቅ! እንዲህ ዓይነት ሠራተኛ ነው እኔ ያወጣሁት።» ከዚያ ዝቅ ብለው፣ ለእሷ ብቻ፣ «ምረሽኝ ቢሆን ኖሮ ያን ቀን ነበር የምሞተው» አሏት።

ፊውዝ ነገሩን ወደ ሥራ መለሰችው፦ «ነገ አዲስ ሰው ያስፈልግዎታል። ወረቀት ይዤ ልምጣ?»

«ጨርሻለሁ። ዘፋኝ ናት፤ ወጣት፣ ቀበጥ ቢጤ።»

«አለቃ፣ እርስዎ? ቀበጥ?»

«ምን ያስቃል? ስንት ዓመት ኮስታራ ሆኜ ኖርኩ!» አሉና ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። «ቁጭ በይ እንጂ። ገና በሩ ጋ አልደረስኩም።»

ልጃቸው ከታች ተመልሳ ዘንቢሏን ግድግዳው ሥር አስቀመጠች። ሴትዮዋ ልብሳቸውን ወደ ጎን ሰብስበው ቦታ ለቀቁ። ፊውዝ ደረጃው ላይ፣ ከጎረቤቶቹ መሐል ተቀመጠችና፣ ራሷ የተረከችውን ታሪክ እንደ አዲስ ለመስማት ጉልበቷን አቀፈች።